መስሚያዬን ይዤ ወደ ቆላ

መስከረም 19፣ ጧት። ንፋስ መውጫ

ደብተሬ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ያዝልኝ። ያለ መስሚያው አልሰማም። ግራ ጆሮዬ ፈጽሞ ዝግ ነው። በቀኜ፣ አጠገቤ ሆኖ የሚጮህ ሰው ካለ፣ ጥቂት። መስሚያው አንድ ነው። ቢበላሽ የሚያበጀው አዲስ አበባ እንጂ በዚህ አገር የለም። ይህ ከተያዘ የሚቀጥለው ሁሉ ይገባል።

የጧቱን ሥራ ጨርሻለሁ። የባትሪው ድንጋይ ገብቷል። ማታ ማታ አወጣዋለሁ፤ ውስጥ ካደረ ጫፉ አረንጓዴ ያወጣል። በደረት የሚያዘውን ሣጥኑን በደረቅ ጨርቅ። ወደ ጆሮ የሚወጣውን ሽቦ ከላይ ወደ ታች፣ ሳይታጠፍ። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን መክተቻ ነቅዬ ቀዳዳውን በላባ ዘንግ።

የሚያድረው በብስኩት ጣሳ ውስጥ ነው፣ በጠመኔ መካከል። ጡረታ ስወጣ ከትምህርት ቤት ይዤ የመጣሁት ንብረት ይኸው፦ ሊጣል የነበረ አንድ ከረጢት ስብርባሪ ጠመኔ። ጠመኔ እርጥበት ይጠጣል። በየጧቱ ምድጃ ዳር አደርቀዋለሁ፣ ሲበርድ ወደ ጣሳው። የጋይንትን ክረምት ያለፍነው በዚህ ነው።

ትናንት ከቆላ ሰው መጣ። እትዬ የውብዳር ታማለች። ታላቅ እህቴ ናት፤ ከእናቴ ልጆች የቀረችኝ እርሷ ብቻ። ከወገዳ በታች፣ ወደ በሽሎ ወንዝ ቆላ ተድራ ወረደች፣ እዚያው ወለደች፣ እዚያው ባሏን ቀበረች። መልእክቷ አጭር ነው። ሳልደክም ይምጣ፣ የምነግረው አለኝ፣ ለብቻው።

ለብቻው! ይህች ቃል ናት ያስጨነቀችኝ። ለእኔ ለብቻዬ ሊነገረኝ የሚችለው በመስሚያው ብቻ ነው። ያለ እርሱ ለእኔ የሚነገረውን ሰፈር ይሰማዋል። የታመመ ቤት ደግሞ ሰው አይጠፋውም።

መስከረም 20፣ ከሰዓት በኋላ

ከመስሚያው ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ ወረቀት እንደገና አነበብሁ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ። ስለ ሞቃትና እርጥብ አገር የሚለውን ክፍል ወደ አማርኛ መልሼ እዚህ ጻፍሁት። ከፀሐይ ይራቅ። ከላብ ይጠበቅ። ውሃ አይንካው። ከፀጉር ቅባት ይጠንቀቁ። የመጨረሻው ለከተማ ጎረምሳ የተጻፈ ነው። አለፍሁት።

ከአቡጀዲ ድርብ ከረጢት ሰፋሁ፣ ማንገቻ ያለው። ከሸሚዝ በላይ፣ ከኮት በታች ይንጠለጠላል። ሰውነቴን አይነካም፤ ፀሐይም አያየውም። ቆዳ አሰብሁ፣ ተውሁት። ቆዳ ያፍናል። ትርፍ ድንጋይ ስምንት፣ እያንዳንዱ በሰም በነከርሁት ወረቀት ተጠቅልሎ። ጠመኔ ግማሽ ከረጢት።

ነገ አያ ደርሶ በቅሎውን ይዞ ይመጣል። የቆላውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ነው። ዝም ማለት ግን አያውቅም።

ደክሞኛል፣ ገና ሳልነሣ።

መስከረም 21፣ ማታ 1 ሰ.። መንገድ ላይ፣ ካደርንበት ቤት

ዝናብ ሁለት ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ ወርጄ መስሚያውን ወደ ጣሳው፣ ጣሳውን ወደ ኮርቻ ቦርሳ። ሲያባራ ደግሞ ማውጣት። አያ ደርሶ በሁለተኛው ተሰላቸ።

“መምህር፣ ይህ ያንገቱት ክታብ በየትኛው ደብተራ ተጻፈ? እንዲህ ዝናብ የሚፈራ ክታብ አላየሁም።”

ክታብ እንዳልሆነ ነገርሁት። ታዲያ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ነገርሁት። ትንሽ አሰበና፣ ክታብ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ክታብ ድንጋይ አይበላም አለ።

ጉልበቴ። ወገቤ። ጠመኔው ደረቅ ነው።

መስከረም 23። ወገዳ

ቀኑን እዚህ ዋልን። በቅሎዋ አነከሰች፣ አያ ደርሶ ሰኮናዋን ሲያይ ዋለ። የገበያ ቀን ነው። መስሚያውን ዘግቼ ተቀመጥሁ። ገበያ ለእኔ ድንጋይ መጨረስ ነው፤ ሁሉ ድምፅ አንድ ላይ ይገባል፣ አንድም ቃል አይወጣውም።

ከቆላ የመጣ ሰው አገኘን። እትዬ አለች። ትበላለች፣ ጥቂት። ታላቁ ልጇ ሞላ አልመጣም። ሞላ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነው፣ በወረዳው ግዛት ጸሐፊ። አባቱ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት ነገር የመጨረሻው ቃል የእርሱ ነው። አስተምሬዋለሁ። ጽሕፈቱ ጥሩ፣ ቁጣው ቅርብ።

መስከረም 24፣ ከቀኑ 8 ሰ.። ቁልቁለቱ ላይ፣ ከጥላ ሥር

ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ሣሩ ከጉልበት በላይ፣ ከሥሩ እንፋሎት ይወጣል። ዝናቡ አቁሟል እንጂ ውሃው ከአየሩ አልወጣም። መነጽሬ ሳይቀር ያልባል።

ጧት 4 ሰ. ላይ መስሚያው እንደ ተልባ መንጣጣት ጀመረ። ላብ ነው፣ በጆሮዬ በኩል ሽቦው ድረስ። ወዲያው አወጣሁ፣ ጠረግሁ፣ ወደ ጣሳው። ከዚያ ወዲህ በዝምታ ነው የምወርደው። አያ ደርሶ ከፊት ከፊት። አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ትከሻውም አብሮ። ይዘፍናል። ጥላ ሥር ስንቀመጥ መስሚያውን አስገብቼ ምን ሲል እንደነበር ጠየቅሁት።

“እርስዎን ስሰድብ ነበር መምህር። እንዲህ ያለ መንገደኛ መቼ ይገኛል? ከጧት ጀምሮ የልቤን ተናገርሁ፣ ቀለለኝ።”

ሳቅሁ። ከን/መውጫ ከወጣን የመጀመሪያዬ ነው። መስሚያው ይሠራል። መንጣጣቱ ጠፍቷል። ጠመኔ ይባረክ።

መስከረም 25፣ ጧት 2 ሰ.። እትዬ ቤት

ትናንት 11 ሰ. ላይ ደረስን። በቅደም ተከተል ልጻፍ፤ የተበላሸው የት ላይ እንደሆነ መታወቅ አለበት።

ቤቱ ሙሉ ነው። ጠያቂ ከግድግዳ እስከ ምሰሶ። የነፍስ አባቷ ጸበል ሊረጩ ቆመዋል። አየሁ፣ ከደጅ ተመለስሁ፣ መስሚያውን ነቅዬ ወደ ጣሳው፣ ከዚያ ገባሁ። ተረጨሁ። ውሃ አልነካውም። በራሴ ኮራሁ።

እትዬ ከመደቡ ላይ። አጥንቷ ቀርቷል። ዓይኗ ግን ያው ነው። ጉንጬን ሳመችና ያዘችኝ፣ አልለቅም አለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቆዪ አልኋት በምልክት፣ አባ ይጨርሱ።

አባ ወጡ። ብዙነሽ መጣች። የእትዬ ልጅ ናት፣ እናቷን የምታስታምመው እርሷ ብቻዋን ነች። በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ። ባርኔጣዬን አነሣችና ራሴን በቅቤ ቀባችኝ። ለጋ፣ ከላይ እስከ ማጅራቴ። በዚህ ቆላ ከሩቅ መንገድ ለመጣ ታላቅ ሰው የሚደረገው ይህ ነው። ፀሐይ የመታው ራስ በቅቤ ነው የሚበርደው። በረደኝም። ዓይኔን ጨፈንሁ። እናቴ ትዝ አለችኝ።

ከዚያ መስሚያውን ከጣሳው አወጣሁ፣ በጥንቃቄ፣ እጄን ጠርጌ። አስገባሁት። ሰማሁ። አንድ ሽማግሌ ከጥግ፣ ሽቦውን እያየ፦

“ጃንሆይ ዛሬ ምን አሉ?”

ራዲዮ እንዳልሆነ፣ ምንም እንዳላሉ ነገርኋቸው።

“እንዴት ምንም? ያን ሁሉ ቁልቁለት ተሸክመውት ወርደው?”

ሰው ሳቀ። የሰማሁት የመጨረሻ ነገር ይህ ሳቅ ነው። ሙቀቱ ቅቤውን አቅልጦታል። ከፀጉሬ ወደ ጆሮዬ፣ ከጆሮዬ በመክተቻው ቀዳዳ፣ በሽቦው እስከ አንገቴ። ስነካው እጄ ተሙለጨለጨ። ድምፁ ራቀ፣ ራቀ፣ ጠፋ።

ከፀጉር ቅባት ይጠንቀቁ። በእጄ የጻፍሁት ነው። አምስት ገጽ ወደ ኋላ ገልጬ አየሁት፣ ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም። ቅቤ ቅባት እንደሆነ የማያውቅ መምህር።

መስከረም 26

እትዬ ዛሬ ሞከረች። እጄን ይዛ ወደ አፏ አስጠጋችኝ። ትንፋሿ ጆሮዬን ነካኝ። ትንፋሽ ብቻ።

አልሰማሁም አልኋት። ደግማ ሞከረች። ብዙነሽ፣ እማዬ ምን ልትል ነው፣ እኔ ልንገርዎት ብላ በቀኜ ጮኸች። እትዬ በእጇ ገፋቻት። ከጠያቂዎቹ አንዲት ወይዘሮ ተነሣች፣ ሰፊ ደረት ያላት።

“እኔን ይዘዙኝ! የእኔ ድምፅ ወንዝ ይሻገራል!”

ይህን ሰማሁት። በእውነትም ይሻገራል። እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ አልዞረችም።

ምን ይሆን? ሰው ፊት የማይባል፣ ልጇ ፊት የማይባል። እርሷ ፊደል አልቆጠረች፣ እኔ ጆሮ የለኝ። ሁለት ሰዎች አንድ መደብ ላይ፣ በመካከላችን አንድ ድፍን ቀዳዳ።

መስከረም 27፣ ጧት

ሥራ። መክተቻውን ነቅዬ በለብታ ውሃና በሳሙና አጠብሁ፣ በላባ ዘንግ ጠረግሁ፣ በአፌ ነፋሁ። ይህ ቀላሉ ነው። ከመክተቻው ሥር ያለችው ክብ ቁራጭ፣ ድምፁን የምታወጣው፣ አትታጠብም፤ ቅቤው ግን ሽቦው የሚሰካባት ጥርሷ ድረስ ገብቷል። ሽቦውን ከእርሷ ነቅዬ ጫፉን አረቄ በነካ ጨርቅ አሸሁ። ከዚያ ጠመኔ ወቀጥሁ። በሰሌዳ ዘመኔ ተማሪ የዘይት ጠብታ ደብተሩ ላይ ሲያንጠባጥብ የጠመኔ ዱቄት ነስንሰን አሳድረን እናራግፍ ነበር። ወረቀቱ ይነጣል። ቁራጯን በቀጭን የነጠላ ቅዳጅ ጠቀለልሁ፣ ዱቄቱ እንዳይገባባት፣ በጠመኔው ውስጥ ቀበርኋት።

ሁለት ቀን ሳልነካ። ሁለት ቀን እትዬ ትቆይልኝ ይሆን?

ዛሬ ከሾርባው አልቀመሰችም።

መስከረም 28፣ ከሰዓት በኋላ

ክፉ ቀን። ከደጅ ስመለስ ጣሳው ከቦታው የለም። ብዙነሽ ምድጃው ላይ፣ ከፍሙ አጠገብ አስቀምጣዋለች። ቶሎ ይድረቅ ብላ። ቆርቆሮው እጅ ያቃጥላል።

ጮኽሁ። ክፍል ውስጥ እንኳ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። የራሴን ጩኸት አልሰማሁም፣ በሰዎቹ ፊት ግን አየሁት። ብዙነሽ ጣሳውን አንሥታ ሰጠችኝና ወጣች። በበሩ በኩል ትከሻዋ ሲርገበገብ አየሁ።

ኋላ ከጓሮ ሄጄ ተቀመጥሁ አጠገቧ። ቅቤውንም ፍሙንም በፍቅር እንዳደረገችው አውቃለሁ አልኋት። በቀኜ ተጠግታ ጮኸች፦

“አጎቴ፣ ይህን ዕቃ እኔ ነኝ የገደልሁት?”

እኔ ነኝ አልኋት። ማስጠንቀቂያው በእጄ ተጽፎ ነበር፣ አንቺ አላነበብሽውም፣ እኔ አንብቤ አለፍሁት። ጥፋቱ የአንባቢው ነው። እንባዋን ጠረገችና፣ ታዲያ ለምን ያን ያህል ጮኹ አለችኝ።

ሽቦው አልቀለጠም። ሣጥኑ ደኅና። ቁራጯን ገልጬ አላየሁም። ቃሌ ሁለት ቀን ነው።

መስከረም 29፣ ጧት 3 ሰ.

ገለጥሁ። ጠመኔው ቢጫ ሆኗል። ቅቤውን ጠጥቶታል! ቁራጯን ገጠምሁ። አዲስ ድንጋይ። ማብሪያውን ገፋሁ።

ምንም።

ሽቦውን ነቅዬ ጫፉን እንደገና አሸሁ፣ አገላብጬ ሰካሁ። ሹ የሚል ነገር፣ ከሩቅ። ከዚያ ዶሮ። ደጅ ያለች ዶሮ ስትንቋቋ፣ እንደ ጉድጓድ ውስጥ ሆና። ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። ወደ ጠመኔው መለስሁት፣ አዲስ የተወቀጠ።

በዶሮ ድምፅ አለቀስሁ፣ ደብተሬ። ለሌላ ሰው አትንገር።

ጥቅምት 1

እንደገና ሞከርሁ። ከዶሮዋ ሌላ የእትዬን ሳል ሰማሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ሠራና ደከመ። በቃ፣ ልኩን አውቄዋለሁ። አንድ ቀን ደርቆ ሩብ ሰዓት ይናገራል። ከዚህ በላይ በዚህ ሙቀት ከእርሱ መጠበቅ ግፍ ነው።

አሁን የቀረው ባዶ ቤት ነው። የታመመን ሰው ጥሎ መውጣት ነውር ነው፤ ሂዱልኝ ማለትም ለባለቤቱ ነውር። ለብዙነሽ በጆሮዋ ነገርኋት፣ ነገ ሩብ ሰዓት ብቻ እፈልጋለሁ ብዬ። ጣሳውን አየች፣ እናቷን አየች። ለምን አላለችም።

ጥቅምት 2፣ ረፋድ

ቸኩያለሁ፣ ጽሕፈቴን ይቅር በለኝ።

ቤቱ እንደ ወትሮው ሞልቷል። ብዙነሽ ከደጅ ሮጣ ገባች። መስሚያውን ገና ስሰካው ስለነበር የሰማሁት የመጀመሪያ ነገር የእርሷ ጩኸት ነው፦

“ኧረ ምን ተቀምጣችኋል! ማሽላው በወፍ አለቀ! የእኔም የእናንተም!”

ወንጭፉን ያነሣ፣ ነጠላውን ያጣፋ፣ ሁሉ ተግተልትሎ ወጣ። ባለ ሰፊ ደረቷ ወይዘሮ ከሁሉ ቀድማ፣ ወፎቹን ከቤት ጀምራ እየሰደበች። ብዙነሽ በሩን ከውጭ ሳበችው።

እትዬ ዞረች።

“አንተ። ሰማኸኝ?”

“ሰማሁ።”

“እውነት? ወይስ እንደ ልማድህ ራስህን ትነቀንቃለህ?”

እውነት አልኋት። እንግዲያ አንድ ጊዜ ነው የምናገረው፣ ትንፋሽ የለኝም አለች። ቃሏን እንዳለ ልጻፈው፦

“እዚህ አትቅበሩኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በላበኝ፣ የዚህ አገር አፈሩ እንኳ ይሞቃል። እናታችን አጠገብ አግቡኝ፣ ከብርዱ። ባሌን ጠልቼ አይደለም። ደግ ሰው ነበር። ልጆቹ ግን አባታችንን ናቀችው ይላሉ፤ ብዙነሽ ብትሰማ ልቧ ይሰበራል። ስለዚህ እኔ አላልሁም። አንተ ነህ ያልኸው። እህቴን ልውሰድ ብለህ ለምናቸው። እኔ እያጉረመረምሁ እሺ እላለሁ።”

ማጉረምረም እንደምትችልበት አውቃለሁ አልኋት። ሳቀች፣ ሳሏ መጣ። ጠበቅሁ። ድምፁ መራቅ ጀምሮ ነበር።

“ከሞትሁ በኋላ አይሆንም። በዚህ ሙቀት የሦስት ቀን መንገድ ሬሳ ማን ያወጣል? ሳለሁ ውሰዱኝ።”

ሌላም አለች። ከንፈሯን አየሁ፣ ድምፁ ግን አልመጣም። ራሴን ነቀነቅሁ። አወቀችብኝ፣ በጥፊ ነካ አደረገችኝ።

ጥቅምት 2፣ 10 ሰ.

ስንቱን ልጅ ዋሸህ ብዬ አንበርክኬአለሁ። ዛሬ እኔው ልዋሽ ነው፣ በጥሩ ቀለም፣ በጥሩ ጽሕፈት። ያለ ሞላ ፈቃድ ማንም ቃሬዛ አያነሣላትም። ሞላ ደግሞ ከእናቱ አፍ ቢሰማው ለአባቱ ይቆጣል፤ ከእኔ ቢሰማው የሚቆጣው በእኔ ነው። ይቆጣ።

ወስኛለሁ። መልሱ እስኪመጣ ከዚህ አልነቃነቅም። መስሚያው በቀን ሩብ ሰዓት፣ ለእርሷ ብቻ። ቀሪውን ሰዓት ጠመኔ ውስጥ። ራሴን አጥቤአለሁ፣ ከእንግዲህ ቅቤ የለም። ደብዳቤውን አያ ደርሶ ይወስዳል። በቅሎዋ ደኅና ናት፣ እርሱም የሚሰድበው ሰው ስለሌለ መንገዱ ይረዝምብኛል ብሏል።

ስጽፍ ብዙነሽ የእናቷን ጋቢ ይዛ ገባች፣ ታጥቦ የደረቀ። ወፍራሙን፣ በዚህ ቆላ ማንም የማይለብሰውን። አጠገቤ አጠፈችው። ከዚያ በቀኜ ጎንበስ አለች። አፏን ጆሮዬ ላይ ገጥማ ቃል በቃል ተናገረች፤ አልጮኸችም፣ እኔ ግን እንደ ምንም ሰማሁ፦

“አጎቴ፣ ለደጋው ብርድ አንድ ይበቃታል?”

ሌላ ጨምሪ አልኋት።

የደብዳቤው ግልባጭ፦

ለልጄ ለሞላ። እናትህ አለች፣ ግን ደክማለች። አጎትህ አርጅቻለሁ፣ ብቸኛም ነኝ። እህቴን ከወላጆቼ አጠገብ ለማሳረፍ እለምንሃለሁ። ሐሳቡ የእኔ የብቻዬ ነው። እርሷ ገና እሺ አላለችም፣ እያጉረመረመች ነው። አባትህን አክብሬ፣ ፈቃድህን ጠይቄ ነው። እሺ ካልህ ቃሬዛ የሚይዙ ስምንት ጠንካራ ሰዎች ይዘህ ና፣ ጉዞው በጧት በጧት እንዲሆን። እሺ ካላልህም እሺ አላልሁም ብለህ ጻፍልኝ። ስትመጣ በቀኜ በኩል ሁነህ ተናገር። አያ ደርሶ ደጅህ ቆሞ ይጠብቃል፣ ያለ መልስ አትስደደው። ልጄ፣ ይህን እንዳነበብህ ብዕር አንሣ፣ ዛሬውኑ መልስልኝ።